አሥራ ዘጠኙ ዘንባባዎች

ወንድሜን ቱሳን የገደለው መጥረቢያ እጀታው አጭር ነበር። ይህን የነገረኝ ፖሊስ ነው፤ ሳልጠይቀው። ሦስት ጊዜ ነው የመታው አለኝ፤ ሁለቱ ትከሻው ላይ፣ አንዱ አንገቱ ሥር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ክፍል ገብቼ ስለ ደም ዝውውር ባስተማርኩ ቁጥር ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበራል። ተማሪዎቼ ቁጡ ናት ይሉኛል። አልተሳሳቱም።

ኢፍቱ እባላለሁ። አሰላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ነው፤ ባለቤቴ ሰኢድ እህል ይነግዳል፣ ልጆቻችን አድገው ወጥተዋል። ቱሳ ታናሼ ነበር፤ ሌላ ወንድምም እህትም የለኝም። በእርሻ ሙያ ተመርቆ ኦጎልቾ ተመደበና በመጀመሪያው ዓመት ፍቅር ያዘው። እኛ ሴት መስሎን ደስ ብሎን ነበር። ኋላ ሲጠየቅ ዘንባባ ሆኖ ተገኘ።

ዘንባባ ስል ሆቴል በር ላይ ተተክሎ አምፖል የሚጠመጠምበትን አይደለም። ይህ የአገራችን ነው፤ በኦሮምኛ ሜጢ እንለዋለን። ድሮ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ሁሉ ነበር ይላሉ ሽማግሎች። ለሰሌን፣ ለመጥረጊያ፣ ለሆሳዕና እየተቆረጠ ሲያልቅ፣ ማንም ሳይተክለው በራሱ በቅሎ የሚኖረው ቱሉ ሜጢ በምትባል ሰው በማይኖርባት ትንሽ ደሴት ላይ ብቻ ቀረ። ደግሞ ሌላ ቦታ ያለው ሜጢ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ይበዛል፤ የዚህች ደሴት ግን አንድ ግንድ ብቻ ነው፣ ከሥሩ አያቆጠቁጥም። ቱሳን ያሳበደው ይህ ነው። በጀልባ እየተሻገረ ይቆጥራቸው ነበር። ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጥቶ፣ የትኛው ወንድ፣ የትኛዋ ሴት እንደሆነች፣ የትኛዋ እንዳፈራች በደብተሩ ይጽፋል። አሰላ ሲመጣ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። አንድ ቀን መጥተሽ ካላየሽ ባዮሎጂ አስተምራለሁ አትበይ ይለኝ ነበር። እኔም እሺ ለክረምት፣ እሺ ለዒድ እያልኩ ቆየሁ። ሳልሄድለት ሞተ።

የገደለው ገብረ መድህን ይባላል፤ ከቱሉ ሜጢ ትይዩ ያለው የትልቁ ደሴት ሰው ነው። ለሆሳዕና ዘንባባ የሚያወርደው እሱ ነበር፣ ከእሱ በፊት አባቱ፣ ከዚያም በፊት አያቱ። እነዚያ ግን የዳር ዳሩን ቅጠል ይወስዱ ነበር እንጂ ልቡን አይነኩም። ኋላ የከተማ ሰው ገና ያልተገለጠውን ነጩን ለጋ ቅጠል ወደደ። እሱ ያለው ጫፉ ላይ፣ ልቡ ውስጥ ነው። ዘንባባ ልቡ አንድ ነው። ያ ከተቆረጠ ሌላ አያወጣም፣ ቆሞ ይደርቃል። ቱሳ ይህን ሊያስረዳ ዛፉ ሥር ቆመ። ተሰዳደቡ። ቱሳም የኔው ወንድም ነውና መሰላሉን ገፍቶ ሰውየውን ጣለው። ሰውየው ከወደቀበት ሲነሳ መጥረቢያው በእጁ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ ወጣ። ሲወጣ በአገራችን ደንብ ጉማ ተቀመጡ፤ ደም እንዳይመለስ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች የሚያወርዱት እርቅ ነው። የደም ካሣ የሚሆነው ከብት ቀረበ። አባቴ ሐጂ ሁሴኖ ግን ከብቱን ዞር ብለውም አላዩት። ልጄ ዛፍ ሲቆጥር ነው የሞተው፣ ስንት ቀረ ብለው ጠየቁ። አሥራ ዘጠኝ ተባሉ።

"እንግዲያው አሥራ ዘጠኙን ይጠብቅልኝ" አሉ። "በየዓመቱ ሆሳዕና ሳይደርስ መጥቼ እቆጥራለሁ። አንድ የጎደለ ዕለት ጉማው ፈረሰ፣ ደሙ እንደ አዲስ ነው።"

ሽማግሎቹ እንዲህ ያለ ጉማ ሰምተው አያውቁም። ቢሆንም ተማማሉ፤ የእኛዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው፣ እሱ በመስቀል።

እኔ በዚያ እርቅ ደስ አላለኝም። በግልጽ ልናገር፣ ሞቱን ነበር የምፈልገው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አባቴ ለዘጠኝ ዓመት እየተሻገሩ፣ በበትራቸው እያንዳንዱን ግንድ ነክተው ቆጥረው ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። ሙሉ ነው ይሉኛል። ፊቴን አይተው ይገባሉ። ልሰማ የምፈልገው ሌላ ቃል እንደነበር ያውቃሉ።

ባለፈው ዓመት አባቴ ሞቱ። ቆጠራው ለእኔ ደረሰ።

ሽማግሎቹ ሴት በበትር አትቆጥርም፣ ሲንቄሽን ያዢ አሉኝ። ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን ዘንግ ነው። ያገባች ሴት ሲንቄዋን ይዛ በሚደባደቡ ሰዎች መሃል ከቆመች የተነሳ ዱላ ይወርዳል። ሲንቄ ጥሶ የመታ ሰው በአርሲ ምድር ፊቱን የሚያሳይበት የለውም። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ አርሲ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። የእኔ ሲንቄ ሃያ ሰባት ዓመት ቁም ሳጥን ላይ ተጋድሞ ነበር። አቧራውን ጠርጌ ቅቤ ቀባሁት።

ሆሳዕና እሁድ ሊሆን ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ በጠዋት ወጣሁ። የኦጎልቾ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሲንቄውን አይታ፣ ማን ተጣልቶ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከአሰላ ብርድ ወጥተን ወደ ሐይቁ ሙቀት ስንወርድ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ አንድ ይጉደል። አንድ ብቻ። ከጎደለ እዚያው ፊቱ ላይ ፈረሰ እለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የአጎቶቼ ልጆች ያውቃሉ። ሦስቱን ሐሙስ ማታ በስልክ አነጋግሬ ነበር። ለሰኢድ አልነገርኩትም።

ከኦጎልቾ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ስደርስ አንዲት ልጅ ጀልባ ይዛ ትጠብቀኛለች። ወለተ ማርያም ነኝ አለችኝ። የሰውየው ልጅ ናት፤ አባቷ ሲታሰር የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። አባዬ ዛፎቹ ጋ ነው፣ ሆሳዕና እስኪያልፍ ከዚያ አይወርድም፣ እዚያው ነው የሚያድረው አለች። እጆቿ መቅዘፊያው ላይ ተሰነጣጥቀዋል። በእናቷ ወጥታ እንደሆነ አላውቅም፣ ፊቷ ውስጥ እሱን ፈልጌ አጣሁት፤ ይህም አናደደኝ።

መሃል ላይ ጉማሬ ወጣ። ወለተ ማርያም የጀልባውን ጎን በመቅዘፊያው ደበደበች፣ እንስሳው እንደ በሬ እያጉተመተመ ሰጠመ። ባለፈው ወር አንድ ዓሣ አስጋሪን ወገቡን እንደነከሰው፣ ሬሳው ሁለት ቦታ እንደተገኘ ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። አይፍሩ፣ አባዬ እርስዎን ደኅና አድርጌ እንዳደርስ አስምሎኛል አለች። እኔ ደግሞ የምፈራው ጉማሬውን እንዳልሆነ ልነግራት አልፈለግሁም።

ቱሉ ሜጢ ስንደርስ እሷ ጀልባው ጋ ቀረች። በቆጠራ ላይ የእሱ ዘመድ አይቆምም፤ በአባቴም ጊዜ እንደዚያው ነበር። ዛፎቹ ከኮረብታው ጀርባ ናቸው። ሲንቄዬን ተመርኩዤ ድንጋዩን እየቧጠጥኩ ወጣሁና ጫፍ ላይ ስደርስ አየኋቸው።

የጠበቅኩት ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ነገር ነበር። እነዚህ ግን ከድንጋዩ ስንጥቅ እየወጡ፣ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ያዘነበሉ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ውሃው ላይ ተጋድመው ጫፋቸውን ብቻ ወደ ላይ ቀና አድርገዋል። የደረቀው ቅጠላቸው ወገባቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ አረንጓዴው በነፋስ ሲፋጭ ዝናብ የመጣ ይመስላል። ሴቶቹ ትንንሽ ብርቱካንማ ፍሬ አንዠርግገዋል፣ ወፍ ይንጫጫባቸዋል። አፈር የሚባል ነገር በሌለበት ማን አበላቸው? ቱሳ ትዝ አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ይህን ሳላይ ነው ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት። እንባዬ መጣ። ከእንባው ጋር ንዴቱም መጣ፤ እነሱ ቆመው እሱ የለም።

ያኔ ነው የሰው ድምፅ የሰማሁት።

ከታች፣ ዛፎቹ መሃል፣ አራት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ ከወዲያ ማዶ በሞተር ጀልባ የመጡ ናቸው፤ ጀልባቸው ድንጋዩ ላይ ታስሯል። አንዱን ወዲያው ለየሁት። ደመቀ ነው፤ የሳጉሬ ልጅ፣ የድሮ ተማሪዬ። በየዓመቱ ለአሰላ፣ ለሳጉሬ፣ ለአርቦዬ አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ዘንባባ የሚያቀርበው እሱ ነው። አንድ ዓመት ፈተና ላይ፣ የዘንባባ ልቡ ቢቆረጥ ምን ይሆናል ብዬ ጠይቄ ነበር። ከክፍሉ በትክክል የመለሱት አራት ናቸው። አንዱ ደመቀ ነው።

በእጁ ገጀራ ይዟል። ሁለቱ ጓደኞቹ ዱላ ይዘዋል። ከኋላቸው አንድ ዛፍ አናቱ ተገምሶ፣ ነጩ ለጋ ቅጠል መሬት ላይ ተዘርግፏል። ወደሚቀጥለው ዛፍ ሊሄዱ ሲሉ አራተኛው ሰው ግንዱን በጀርባው ተደግፎ ቆመባቸው። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ባዶ እጁን። ፊቱን ካየሁት ዓመታት ቢያልፉም አወቅኩት።

ደመቀ ዞር በል አለው። አልዞረም። አንደኛው ልጅ በዱላ ትከሻውን መታው። ድምፁ ኮረብታው ላይ ድረስ ተሰማኝ። ሰውየው ተንገዳገደና መልሶ ግንዱን ተደገፈ።

ሲንቄዬ በእጄ ነበር። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። እሪ ብል ይሰሙኛል።

እሪ አላልኩም። መቁጠር ጀመርኩ።

ከውሃው ዳር ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዱላው የሰውየው ክንድ ላይ አረፈ፤ ክንዱ በማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ድንጋይ አንስቶ በግራ እጁ ወረወረ፣ አንደኛውን ልጅ ጥርሱ ላይ አገኘው፤ ልጁ ደም እየተፋ በእልህ ተመለሰ። ስምንት። ዘጠኝ። አሁን ሁለቱም ይመቱታል፤ ጀርባው ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ የመጣላቸው ቦታ ላይ። እሱ ለተሰበረው ክንዱ አላዘነም፣ ግንዱን አቀፈ። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። በእርጋታ ነበር የምቆጥረው፣ ክፍል ውስጥ ስም እንደምጠራ። አሥራ ሦስት ላይ ተንበረከከ። አሥራ አራት ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

አየኝ፤ አልተጠራጠርኩም። ፊቱ በደም ተሸፍኖ ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል። እኔን፣ ቀጥሎ ሲንቄውን አየ። ምን እንደሆነ ያውቃል። ድረሽልኝ አላለም።

"ሙሉ ነው" አለ።

ድምፁ ሰለለ እንጂ ቃሉ ደረሰኝ። ሰዎቹ የሚቀባጥር መስሏቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ውሸታም አልኩት በልቤ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። ልቡ የወጣው ዛፍ አይቆጠርም፤ ሞቷል። አሥራ ስምንት። እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት ነው።

ደስ አለኝ። ይህን ቃል ላለመጻፍ ብዙ ቀን ታግያለሁ፤ ግን የተሰማኝ ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሃያ ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳ። ጉማው ፈረሰ። ደሙ እንደ አዲስ ነው። ደመቀ ገጀራውን ገልብጦ በጀርባው በኩል ጭንቅላቱን ሲመታው አየሁ። የአጎቶቼን ልጆች ማስቸገር አያስፈልግም ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወደ ፊት ተራመድኩ። ላድነው አልነበረም። እየሞተ ሳለ እንዲያየኝ፣ አሥራ ስምንት ብዬ ልነግረው ነው የወረድኩት።

ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ አንድ ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ አለ። አባቴ ነግረውኛል፤ ቱሳ የወደቀው የተሰነጠቀው ድንጋይ ሥር ነው። እዚያ ስደርስ እግሬን እሾህ ወጋኝ። ጎንበስ አልኩ። እሾሁ አጥር ነው። ውስጡ ክብ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ከሌላ ቦታ በጀርባ የመጣ ጥቁር አፈር ተሞልቷል፣ መሃሉ ላይ ጉልበቴ የማይደርስ ዘንባባ ቆሟል። ቅጠሉ አምስት ነው። አፈሩ እርጥብ ነበር፣ የዛሬ ጠዋት ውሃ። አጠገቡ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል።

ማንም አልተከለውም በሚባልበት ደሴት ላይ ይህን ግን ሰው ነው የተከለው። ዘንባባ ከፍሬ እዚህ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ። አባቴም በየዓመቱ በዚህ በኩል አልፈዋል። ስለዚህች ችግኝ አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ ብነግራት ትነቅላታለች ብለው ይሆናል። እነቅላት ነበር።

አሥራ ዘጠኝ።

ጉማው አልፈረሰም።

ያኔ እያ ሲንቄ ብዬ ጮህኩ፤ የሲንቄ ጥሪ ነው፣ ሴት ሁሉ ሰምታ የምትወጣበት። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ጫማዬ አንዱ ወልቋል። ሲንቄውን በሁለት እጄ አግድሜ በሰውየውና በእነሱ መሃል ቆምኩ። የደመቀ ገጀራ ወደ ላይ ተነስቶ ነበር።

እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ሁለቱ ልጆች ዱላቸውን ጥለው ወደ ኋላ ሸሹ። ጥርሱ የረገፈው ልጅ እንኳ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"ቲቸር" አለ ደመቀ። "እኔ እኮ አላየሁዎትም።"

አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ማንንም ሳልነካ፣ በአንዴ ቆሙ። በመጀመሪያው ዱላ ብወርድ ኖሮ በመጀመሪያው ዱላ ይቆሙ ነበር።

ወለተ ማርያም ጩኸቴን ሰምታ እየሮጠች መጣች። አባቷን አየችው፤ ቀጥሎ እኔን፣ ሲንቄውን ዘርግቼ ከራሱ በላይ እንደቆምኩ። እግሬ ላይ ወደቀችና የደማውን ጣቴን ሳመች። እግሬን ልነጥቃት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

በእነ ደመቀ ሞተር ጀልባ ነው ያወጣነው። ደመቀ ራሱ እየነዳ፣ እያለቀሰ። የሰውየው ጭንቅላት እኔ ጭን ላይ ነበር፤ የራስ ቅሉ አንድ ቦታ ላይ ለጣት ይለሰልሳል፣ ነጠላዬ ረጥቦ ከብዷል። ሐይቁ መሃል ላይ ዓይኑን ገለጠ።

"ቆጠሩ?" አለኝ።

"ቆጠርኩ።"

"ስንት?"

"አሥራ ዘጠኝ" አልኩ። ዓይኑን መልሶ ጨፈነ። ልጁ አጠገቡ ነበረች። ይህች ሴት ቀድማ መጥታ ነበር፣ ቆማ ታየኝ ነበር ሊላት ይችል ነበር። በዚያ ዕለትም፣ ሐኪም ቤት ባሳለፋቸው ቀናትም አላላትም።

ቅዳሜ ደመቀ ከነጓደኞቹ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አሰላ ገብቷል። ኢፍቱ የወንድሟን ገዳይ በሲንቄ አዳነች ተባለ። የሰፈር ሴቶች ቄጠማ ይዘው እልል እያሉ መጡ። የሰኢድ ጓደኞች እጄን ጨበጡኝ፤ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ሁሴኖ በመቃብራቸው ኮርተዋል አሉኝ። ሰኢድ በግ አረደ። አፌ ውስጥ ያደረግኩትን ሥጋ ጓሮ ሄጄ ተፋሁት። የአጎቶቼን ልጆች ደውዬ ተዉት አልኳቸው። እሁድ ከየቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው ሰው ጭንቅላቱ ላይ ነጩን ዘንባባ አስሮ በደጃችን አለፈ። ያ ቅጠል ከየት እንደመጣ አላውቅም። መስኮቱን ዘጋሁ።

ሰኞ ጠዋት ገብረ መድህን ሞተ።

ማክሰኞ ልንቀብረው ወደ ትልቁ ደሴት ተሻገርን። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ በሳምንቱ ለሚሞት ሁሉ የሚጸለየው አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ነው። ይህን የነገረችኝ ወለተ ማርያም ናት። እሁድ ስለ ነፍሱ ሲጸለይ እሱ ገና ይተነፍስ ነበር፣ እሷም ሐኪም ቤት እጁን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ያለ ከበሮ፣ ያለ ዝማሬ አፈር ተመለሰበት።

ከቀብር በኋላ ሽማግሎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የእኛም አሉ፣ የእነሱም አሉ፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጉማውን ያወረዱት ሰዎች ናቸው፣ ጥቂቶቹ አርጅተዋል። ወደ መሃል ጠሩኝ። ትልቁ ሽማግሌ እንዲህ ያለች ሴት አገራችን አይታ አታውቅም ብለው ጀመሩ። ወለተ ማርያምን ነይ፣ ይህን ሲንቄ ሳሚ፣ ከዛሬ ጀምሮ እናትሽ ናት አሏት። ተነስታ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ጎንበስ ስትል ሲንቄውን ወደ ኋላዬ ሸሸግኩት።

"አትሳሚው" አልኳት። "እኔ ስደርስ አባትሽ ገና አንድ ዱላ አልቀመሰም ነበር። ይህ በእጄ ነው። ቆሜ ዛፍ ቆጠርኩ። እሱን ይመቱታል፣ እኔ እቆጥራለሁ። አይቶኛል። አሥራ ስምንት ሲሆንልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ትንሿን ዘንባባ ባላገኛት ኖሮ እስከ መጨረሻው ቆሜ አይ ነበር።"

አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትልቁ ሽማግሌ አንዴ እኔን፣ አንዴ መሬቱን አዩ። ከዚያ፣ ልጄ ምን ትያለሽ ብለው ወለተ ማርያምን ጠየቁ፤ ደሙ የእሷ ነውና ፍርዱም የእሷ ነው።

ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች። መጥረቢያ ልታመጣ ነው ብዬ አሰብኩ። እውነት እላለሁ፣ አልሸሽም ነበር። የሰው ሁሉ ዓይን በሩ ላይ ነበር።

ይዛ የወጣችው ከጀልባዋ ጋር ከቱሉ ሜጢ የተመለሰውን ቢጫ ጀሪካን ነው። ባዶ ነበር። እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

"ዓርብ ጠዋት ነው ያጠጣት" አለች። "በየሁለት ቀኑ ነው የምትጠጣው። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው።"

ሲንቄዬን ሽማግሎቹ ፊት መሬት ላይ አኖርኩና ጀሪካኑን አነሳሁ። እሷ ቀድማኝ ወደ ጀልባው ወረደች። ተከትያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቱሉ ሜጢ ቀዘፈች።